ማሸግና ማጣበቅ፦ በቤት ለሚሠሩ አውቶሞቢሎች ተነቃይ ላሜራዎች የማሸጊያ ምርጫ ታሪክ

አረቄ የምታወጣ ባለሙያ የማሰሮውን አፍና መቃውን የምታገናኝበትን ክፍተት በጭቃ ወይም በሊጥ ትመርጋለች። እሳቱ በሚነድበት ጊዜ እንፋሎቱ እንዳያመልጥ ምርጊቱ አጥብቆ ይዘጋል። ሥራው ሲፈጸም ግን ምርጊቱ ተሰባብሮ ይነሣል፤ ማሰሮውም መቃውም ሳይጎዱ ታጥበው ለሌላ ቀን ይቀመጣሉ። ምርጊቱ ክፍተቱን ዘጋ እንጂ ሁለቱን ዕቃዎች አንድ አላደረጋቸውም። ይህች ባለሙያ ኬሚስትሪ ባትማርም፣ በ20ኛው መቶ ዓመት ብዙ መሐንዲሶችን ያስቸገረውን አንድ ልዩነት ጠንቅቃ ታውቃለች፤ ይኸውም ማሸግ ሌላ፣ ማጣበቅ ሌላ መሆኑን ነው።

ይህ ልዩነት ጎልቶ ከታየባቸው መስኮች አንዱ፣ ግለሰቦች በትርፍ ጊዜያቸው በገዛ እጃቸው የሚሠሩት አውቶሞቢል ነው። እንዲህ ያለው ተሽከርካሪ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በብረት አጽም ላይ ቀጫጭን ላሜራዎችን ወይም የፋይበርግላስ ቅርጾችን በማልበስ ነው። ከእነዚህ ልባሶች አንዳንዶቹ ለዘለቄታው ይታሠራሉ፤ ሌሎቹ ግን የፍሬኑን ቱቦ፣ የነዳጁን ጋን ወይም የኤሌክትሪኩን ሽቦ ለመመርመር በየጊዜው መነሣት አለባቸው። ውሃ፣ አቧራና ጋዝ በመገጣጠሚያቸው እንዳያልፍ መታሸግ ይኖርባቸዋል፤ በተፈለጉ ጊዜ ደግሞ ሳይጣመሙ መነቀል ይኖርባቸዋል። ሁለቱ ፍላጎቶች እርስ በርሳቸው የሚጋጩ ናቸው። ጉዳዩም የመልክና የምቾት ብቻ አይደለም። ከሞተሩ ክፍል ወደ ተሳፋሪው ክፍል የሚሾልከው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የሌለው ገዳይ ጋዝ ነው፤ ልባሱ ስላልተነቀለ ሳይመረመር የኖረ የፍሬን ቱቦም እንዲሁ ሕይወት ያስከፍላል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚቀርበው ይህ ግጭት እንዴት እንደተፈታ የሚያሳይ አጭር ታሪክ ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሠረገላ ሠሪዎች የተወረሰው

የመጀመሪያዎቹን አውቶሞቢሎች አካል የሠሩት ቀድሞ የፈረስ ሠረገላ ይሠሩ የነበሩ ባለሙያዎች ናቸው። የእንጨት አጽም ያቆሙና በላዩ ሳንቃ፣ ቆየት ብሎም የብረት ወይም የአልሙኒየም ላሜራ በምስማር ይመቱበታል። መገጣጠሚያውን የሚደፍኑት በተልባ ዘይት በተለወሰ ነጭ የእርሳስ ዱቄት ነበር። ልውሱ ሲቀባ ለስላሳ ሆኖ ወደ ስንጥቁ ይገባል፤ ከዚያም ዘይቱ ከአየር ኦክሲጅን እየወሰደ ቀስ በቀስ ይረጋል። ነገር ግን እርሳስ መርዝ በመሆኑ የሠራተኛውን ጤና ይጎዳል። ልውሱም ከደረቀ በኋላ ስለማይለጠጥ በመንገድ ንዝረት ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁም ውሃ ይገባል።

የእንጨቱ አጽም በብረት ሲተካ ችግሩ ሌላ መልክ ያዘ። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው የአልሙኒየም ላሜራ ሙቀቱ በ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር ወደ 1.15 ሚሊሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ከሥሩ ያለው የብረት ቧንቧ ግን የሚረዝመው 0.6 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። በሁለቱ መካከል የተቀመጠው ማሸጊያ በየቀኑ ፀሐይ ስትወጣና ስትጠልቅ ይህን የግማሽ ሚሊሜትር ልዩነት ሳይቀደድ መሸከም ይኖርበታል። ከዚህም በላይ ብረትና አልሙኒየም ተነካክተው ውሃ በመካከላቸው ሲቆም በባትሪ ውስጥ የሚሆነው ዓይነት የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈጠራል፤ አልሙኒየሙ ነጭ ዱቄት እየሆነ ይበላል፤ የብረቱም ቀለም ከተፋቀ ዝገቱ ከልባሱ ሥር ተደብቆ ይስፋፋል። ስለዚህ ማሸጊያው ውሃውን ከውጭ ከመከልከሉ ሌላ ሁለቱን ብረታ ብረቶች የመለየት ተግባርም ተጨመረበት።

የብሪታንያ ጋራዦች

አውቶሞቢልን በቤት የመሥራት ልማድ ሥር የሰደደው በተለይ በብሪታንያ ነው። ኦስቲን ሰቨን የተባለችው ትንሽ መኪና በ1922 ለገበያ ቀርባ እስከ 1939 ድረስ ወደ 290,000 የሚጠጋ ተሠራች። ርካሽና ቀላል ስለነበረች፣ ስታረጅ አካሏን ገፍፎ በሻንሲዋና በሞተሯ ላይ አዲስ አካል ማልበስ የወጣት ባለሙያዎች ሥራ ሆነ። በ1939 የተቋቋመው 750 ሞተር ክለብም ስሙን የወሰደው ወደ 750 ሲሲ ከሚጠጋው የዚህች መኪና ሞተር ነው።

ይህን ልማድ ያጠናከረው ግብር ነው። የብሪታንያ መንግሥት በ1940 የግዢ ታክስ የተባለ ቀረጥ ደነገገ፤ ከጦርነቱም በኋላ ቀረጡ በአዲስ አውቶሞቢል ዋጋ ላይ ከባድ ሸክም ሆኖ ቆየ። ነገር ግን ሳይገጣጠም በክፍልፋይ የተሸጠ መኪና ይህን ቀረጥ አይከፍልም ነበር። በ1948 ከአሮጌ ኦስቲን ሰቨን የመጀመሪያ መኪናውን የሠራው ኮሊን ቻፕማን፣ በኋላ ያቋቋመው ሎተስ ኩባንያ በ1957 ሎተስ ሰቨንን ሲያወጣ አብዛኛውን ለገዢ ያቀረበው በዚሁ መንገድ ነበር። ሕጉ የመገጣጠሚያ መመሪያ አብሮ እንዳይሰጥ ይከለክል ስለነበር፣ ኩባንያው የማፍረሻ መመሪያ እያዘጋጀ ገዢው ከመጨረሻው ገጽ ወደ መጀመሪያው እንዲያነብ ያደርግ እንደነበር ይነገራል። የግዢ ታክስ በ1973 ቀርቶ በተጨማሪ እሴት ታክስ ተተካ፤ ሎተስም በዚያው ዓመት የሰቨንን መብት ለኬተርሃም ኩባንያ አስተላለፈ።

ስለ ማፍረሻው መመሪያ የሚነገረው ወግ ፈገግ የሚያሰኝ ቢሆንም አንድ ቁም ነገር ይዟል። በፋብሪካ የሚሠራ መኪና መገጣጠሚያው የሚታሸገው ከቀለም በፊት ነው፤ ማሸጊያውም ከቀለሙ ጋር በምድጃ ሙቀት ይበስላል፤ ከዚያ በኋላ የሚፈታው እምብዛም ነው። በቤት የሚሠራ መኪና ግን ምድጃ የለውም። ባለቤቱ በቀዝቃዛ ጋራዥ ውስጥ ቆሞ በጣቱ ይቀባል፤ ያበጀውን መልሶ ይፈታል፤ ጉድለቱን አርሞ እንደገና ይገጥማል። ሠሪውም፣ ነጂውም፣ ጠጋኙም እርሱ ነው። ሎተስ ሰቨን የብረት ቧንቧ አጽም ላይ በሪቬት የተያዙ የአልሙኒየም ላሜራዎች ነበሯት፤ የሞተሩ ክዳንና አፍንጫዋ ግን በቀላሉ የሚነሡ ነበሩ። ስለዚህ በአንድ መኪና ላይ ለዘለቄታው የሚዘጋና በየሳምንቱ የሚከፈት መገጣጠሚያ ጎን ለጎን ይገኙ ነበር። ለሁለቱ አንድ ዓይነት ማሸጊያ መጠቀም ስሕተት መሆኑን ብዙዎች የተረዱት ከጉዳት በኋላ ነው።

ከቤተ ሙከራ የወጡት ሙጫዎች

የተፈጥሮ ጎማን ከድኝ ጋር በማሞቅ የማይቀልጥና የማይሰበር ማድረግ እንደሚቻል አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር ያገኘው በ1839 ነው። ይህ ጎማ ለበርና ለመስኮት ጠርዝ ጥሩ ማሸጊያ ቢሆንም ቤንዚንና ዘይት ሲነካው ያብጣል፤ ፀሐይና ኦዞን ሲያገኘውም ይሰነጠቃል። ለሞተር አካባቢ የሚሆን ሌላ ነገር ያስፈልግ ነበር።

የመጀመሪያው መልስ የመጣው ካልታሰበ አቅጣጫ ነው። በ1920ዎቹ በካንሳስ ሲቲ ጆሴፍ ፓትሪክ የተባለ ሐኪምና ኬሚስት፣ ከባልደረባው ከናታን ምኑኪን ጋር ሆኖ የሞተር ውሃ እንዳይረጋ የሚያደርግ ርካሽ ፈሳሽ ይፈልግ ነበር። ያገኘው ግን ፈሳሽ ሳይሆን ክፉ ሽታ ያለው፣ በምንም ማሟሟያ የማይሟሟ ሙጫ ነበር። በግሪክ ቋንቋ ድኝና ሙጫ ከሚሉት ሁለት ቃላት «ታዮኮል» የሚል ስም ተሰጠው፤ በኬሚስቶች አጠራር ፖሊሰልፋይድ ይባላል። ቤንዚን የማያበላሸው መሆኑ ሲታወቅ ዋጋው ከፍ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፈሳሽ መልክ ተዘጋጅቶ ከቀማሚው ጋር ሲደባለቅ ወደ ጎማነት የሚለወጠው ዓይነት ተገኘ፤ የአውሮፕላን ክንፍ ውስጡ ራሱ የነዳጅ ጋን እንዲሆን ያስቻለውም ይህ ማሸጊያ ነው።

ሌሎቹም ተከታትለው መጡ። ዱፖንት ኩባንያ በ1931 ዘይትንና የአየርን ጠባይ ከተፈጥሮ ጎማ በተሻለ የሚችለውን ኒዮፕሪን አስታወቀ። በ1937 በአሜሪካ ስታንዳርድ ኦይል ኩባንያ ውስጥ ቡቲል ጎማ ተገኘ፤ በዚያው ዓመት በጀርመን ኦቶ ባየር ወደ ፖሊዩሬቴን የሚያደርሰውን የኬሚስትሪ መንገድ ከፈተ። ሲሊኮንን በብዛት ለማምረት የሚያስችለውን ዘዴ ዩጂን ሮቾው በጄኔራል ኤሌክትሪክ ቤተ ሙከራ በ1940 አገኘ፤ ዳው ኮርኒንግም በ1943 ለዚሁ ሥራ ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት በአየር ርጥበት ብቻ የሚረጋ ሲሊኮን በቱቦ ታሽጎ ለማንኛውም ገዢ ቀረበ።

በቤቱ መኪና የሚሠራው ሰው በእነዚህ ግኝቶች መካከል ቆሞ መምረጥ ነበረበት። ሁሉም በገበያ ላይ የሚመሰገኑት አጥብቀው በመያዛቸው ነው። አጥብቆ መያዝ ግን ለሚነቀል ላሜራ ምስጋና ነው ወይስ ነቀፌታ? ጥያቄው ይህ ነበር።

ፋብሪካዎች ያሳዩት መንገድ

አንዳንድ ፋብሪካዎች መልሱን ቀድመው አግኝተው ነበር። በሀገራችን «ቮልስ» በሚል ስም የምትታወቀው ቮልስዋገን ጥሩ ምሳሌ ናት። ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ በ2003 በሜክሲኮ ያበቃችው ይህች መኪና አራቱም ፓራፋንጎዎቿ በብሎን የታሠሩ ናቸው። በፓራፋንጎውና በዋናው አካል መካከል አንድ ቀጭን ጥብጣብ ይገባል። ጥብጣቡ ሙጫ የለውም፤ ብሎኑ ሲጠብቅ ተጨምቆ ጭቃና ውሃን ይከለክላል፤ ቀለም ከቀለም ጋር እንዳይፋተግም ያደርጋል። የአዲስ አበባ ባለ ጋራዦች የተጋጨ ፓራፋንጎ ፈትተው ሌላ ሲገጥሙ ጥብጣቡን አውጥተው አዲስ ከማስገባት በቀር ሌላ ድካም አልነበረባቸውም። የመኪናዋ አካልና የወለል ሻንሲዋም ቢሆኑ የተያያዙት በብሎን ሲሆን፣ በመካከላቸው ያለው ረጅም የጎማ ጓርኒሲዮን ነው።

በ1955 የወጣችው ሲትሮይን ዲ ኤስም በዚሁ ሐሳብ ላይ የቆመች ነበረች። የውጭ ልባሶቿ ጭነት ከሚሸከመው አጽም ጋር ሳይበየዱ በብሎን ተገጠሙ፤ የኋላውን ፓራፋንጎ ለማንሣት አንድ ብሎን መፍታት ይበቃል። ሁለቱም ፋብሪካዎች ሥራውን ለሁለት ከፍለውታል፤ የመያዙን ሥራ ለብሎን፣ የመከልከሉን ሥራ ለጎማ ሰጥተዋል። እያንዳንዱ የተሰጠውን ብቻ ስለሚሠራ አንዱ ሲበላሽ ሌላው አይጎዳም።

ይህን ሐሳብ በቤት ሠሪዎች ዘንድ ያስፋፋው በካሊፎርኒያ የጀልባ ሥራ የሚያውቀው ብሩስ ሜየርስ ነው። በ1964 ሜየርስ ማንክስ የተባለችውን የአሸዋ ላይ መኪና ከፋይበርግላስ ሠራ። ብዙም ሳይቆይ የቮልስዋገንን ወለል ሻንሲ ወደ 37 ሴንቲሜትር ያህል አሳጥሮ አካሉን በላዩ በብሎን ማሠር ጀመረ። ገዢው የፋይበርግላሱን ቅርጽ ይገዛል፤ ሻንሲውን ከአሮጌ ቮልስዋገን ያገኛል፤ መገጣጠሙን ራሱ ያከናውናል። ሐሳቡን ሌሎች ወስደው ከመጀመሪያው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ መኪና ሠሩበት። ጀልባ ሠሪዎች ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁትን፣ ማለትም የመርከብ ወለል መክፈቻ ክዳን ውሃ የማያስገባ ሆኖ መከፈት ያለበት መሆኑን፣ የመኪና ሠሪዎች በዚህ መንገድ ለመዱት።

ጠንካራው ሙጫ ያስከተለው ጉዳት

ሆኖም በቱቦ የሚሸጠው ሲሊኮን ርካሽና ለአያያዝ ቀላል ስለሆነ ብዙዎች ጓርኒሲዮን ቆርጦ ከማስተካከል ይልቅ ሁሉንም ክፍተት በእርሱ መሙላት መረጡ። ውጤቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ታየ። ሲረጋ እንደ አቼቶ የሚሸተው የሲሊኮን ዓይነት አሴቲክ አሲድ ያወጣል፤ አሲዱም ያልተቀባ ብረትን ያዝጋል። ውሃን ይከለክላል ተብሎ የተቀባው ነገር የዝገት መነሻ ሆነ ማለት ነው። በኋላ ይህን አሲድ የማያወጡ ዓይነቶች ቢገኙም ሌላው ችግር አልቀረም። ሲሊኮን ሲነቀል የማይታይ ስስ ቅባት በብረቱ ላይ ይተዋል። በዚያ ላይ የሚረጨው ቀለም እየሸሸ ዓይን የመሰለ ጉድጓድ ይፈጥራል፤ አዲስ ማሸጊያም በአሮጌው ሲሊኮን ርዝራዥ ላይ አይዝም። አንድ ጊዜ በሲሊኮን የታሸገ መገጣጠሚያ ለሁለተኛ ጊዜ በደንብ የሚታሸገው ከብዙ የመፋቅና የማጽዳት ድካም በኋላ ነው።

ፖሊዩሬቴን ደግሞ በተቃራኒው መንገድ ጎዳ። ይህ ማሸጊያ ቀለምን፣ ብረትንና ፋይበርግላስን አጥብቆ ስለሚይዝ የመኪና የፊት መስታወት ለማጣበቅ ተመራጭ ሆነ። የተጣበቀውን መስታወት ለማንሣት በቀጭን የብረት ሽቦ ወይም በልዩ ቢላዋ መቁረጥ ያስፈልጋል። በዚህ ማሸጊያ የተገጠመ ላሜራ ብሎኖቹ ሁሉ ቢፈቱም አይነሣም። በመጎተቻ የተገደደ ቀጭን አልሙኒየም ይጣመማል፤ ፋይበርግላስም ከጠርዙ ይላጣል። ባለቤቱ ይህን ስለሚፈራ ላሜራውን ሳይነቅል ዓመታት ያልፋሉ፤ ከሥሩ ያለውም ቱቦና ቧንቧ ሳይታይ ያረጃል። መኪናዋ ከውጭ ስትታይ ያማረች ናት፤ አጽሟ ግን በስውር ይበላል።

ፖንቲያክ ፊዬሮ በ1984 ዓመት ሞዴል ሲወጣ የፕላስቲክ ልባሶቹ በብረት አጽም ላይ የሚሠሩበት ዘዴ ሌላ ትምህርት ሰጠ። በአጽሙ ላይ የልባሶቹ ማረፊያዎች በአንድ ጊዜ በማሽን ተስተካክለውና ተበስተው ልባሶቹ በብሎን ይገጠሙ ነበር። ምርቱ በ1988 እስኪያበቃ ከ370,000 በላይ ተሠርቷል። ከዚያም በኋላ ልባሱ በቀላሉ የሚነሣ በመሆኑ፣ ሌላ ቅርጽ አልብሰው የራሳቸውን መኪና ለሚሠሩ ሰዎች ተፈላጊ ሆኖ ቆየ። በዚያው የፋብሪካ ቡድን ውስጥ በ1990 የተጀመረው ሳተርንም የፕላስቲክ ልባስ ነበረው፤ ፕላስቲክ በሙቀት ከብረት አብልጦ ስለሚረዝም በልባሶቹ መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት ተተወ። መሐንዲሶቹ ሁሉም ክፍተት መሞላት እንደሌለበት አውቀው ነበር። ውሃው በውጭው ልባስ በኩል ቢገባም የውስጡ አጽም ታሽጎ ውሃው ከታች የሚወጣበት መንገድ ካለ ጉዳት የለም።

ከአውሮፕላንና ከሮኬት የተገኘ ትምህርት

በማሸግ ጥበብ የበለጠ የተራቀቀው የአውሮፕላን ኢንዱስትሪ ነው። በክንፍ ውስጥ ያለው የነዳጅ ጋን ሊፈስስ አይገባውም፤ ለምርመራ ግን ክዳኑ መከፈት አለበት። ለዘለቄታው ለሚዘጋው ስፌት አጥብቆ የሚይዝ ፖሊሰልፋይድ ይቀባል። ለክዳኑ ግን ሆን ተብሎ የመጣበቅ ኃይሉ እንዲደክም የተደረገ ሌላ ፖሊሰልፋይድ ተዘጋጀ። ይህ ጉዳይ ልብ ሊባል ይገባዋል። ስለ ሙጫ ከማንም በላይ የሚያውቁት ባለሙያዎች፣ ሰው በላዩ በሚበርበት መሣሪያ ላይ፣ ደካማውን ሙጫ አውቀው መረጡ። ክዳኑን አጥብቀው የሚይዙት ብሎኖቹ ናቸው፤ ማሸጊያው ግን ተጨምቆ ክፍተቱን መዝጋት፣ ሲፈለግም መልቀቅ ብቻ ይጠበቅበታል።

የሚፈታ መገጣጠሚያ ሲዘነጋ የሚደርሰውን ደግሞ ዓለም በጥር 28 ቀን 1986 አየ። ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኩራኩር በተነሣች በ73ኛው ሴኮንድ ተሰባብራ በውስጧ የነበሩት 7 ሰዎች ሞቱ። ከጎኗ ያሉት ሮኬቶች ከውቅያኖስ እየተነሡ እንደገና የሚሞሉና በክፍል በክፍል የሚገጣጠሙ ነበሩ፤ መገጣጠሚያውን የሚያሽጉት ውፍረታቸው ወደ 7 ሚሊሜትር የሚሆን ሁለት የጎማ ቀለበቶች ናቸው። የሮኬቶቹ ሠሪ ሞርተን ታዮኮል ነበር፤ ከፓትሪክ ሙጫ የተነሣው ኩባንያ ወራሽ ማለት ነው። በዋዜማው የኩባንያው መሐንዲሶች ብርዱ የጎማውን የመመለስ ችሎታ ስለሚቀንስ ከ12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እንዳትነሣ አሳስበው ነበር። የበላዮቻቸው ግን ምክሩን ሻሩት፤ በማግሥቱ የማስነሻው ጊዜ ሙቀት 2 ዲግሪ ገደማ ነበር። መገጣጠሚያው በግፊት ሲከፈት ጎማው ተከትሎት ሳይለጠጥ ቀረ፤ የጋለው ጋዝም አመለጠ።

በቤት የምትሠራ መኪናና የጠፈር መንኩራኩር በመጠን አይወዳደሩም። የሁለቱም መገጣጠሚያ የሚጠይቀው ግን አንድ ነው፤ የማሸጊያው ዋጋ የሚለካው በቆመ ዕቃ ላይ ባለው የመያዝ ጥንካሬ ሳይሆን፣ የሚንቀሳቀሰውን ክፍተት በብርድም በሙቀትም እየተከተለ በመዝጋቱ ነው።

ለመራጩ የሚሆን መመዘኛ

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው መመሪያ ረጅም አይደለም። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት መገጣጠሚያው ወደፊት ይከፈታል ወይ የሚለው ነው። ፈጽሞ የማይከፈት ከሆነ ፖሊዩሬቴን ወይም ፖሊሰልፋይድ ይመረጣል። በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ የሚከፈት ከሆነ የማይደርቅ የቡቲል ጥብጣብ ይበጃል፤ ተላጥቶ ይነሣል፤ የቀረውም ይጸዳል። ይሁን እንጂ ቡቲልን ቤንዚንና ዘይት ስለሚያበላሹት ከሞተሩና ከነዳጁ ጋን አጠገብ መራቅ አለበት። በየጊዜው የሚከፈት ከሆነ ግን በአንዱ ፊት ብቻ የተለጠፈ፣ ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ የማይገናኙ የስፖንጅ ጎማ ከሁሉ ይሻላል። ዘይት በሚነካበት ቦታ ኒዮፕሪን፣ ፀሐይና ዝናብ በበዛበት ቦታ ኢ.ፒ.ዲ.ኤም. የተባለው ጎማ ይስማማል። ጎማው ከውፍረቱ ሩብ እስከ ግማሽ ያህል ሲጨመቅ ሥራውን ይሠራል፤ ከዚያ በላይ ከተጨመቀ ቅርጹን አጥቶ አይመለስም። ብሎኖቹ ተራርቀው ከተቀመጡም ቀጭኑ ላሜራ በመካከላቸው ይጎብጥና ክፍተት ይተዋል።

የሁለቱ ፊቶች ገጽ ወጣ ገባ ሆኖ የተዘጋጀ ጎማ የማይስማማው ከሆነ፣ ከአውሮፕላን ሠሪዎች የተወሰደ ዘዴ አለ። አንዱ ፊት በደንብ ጸድቶ ማሸጊያው ይቀባበታል፤ ተቃራኒው ፊት በስሱ ሰም ይቀባል። ላሜራው ሁለት ወይም ሦስት ሚሊሜትር ውፍረት ባላቸው መደገፊያዎች ላይ ተቀምጦ ማሸጊያው እስኪረጋ ይጠበቃል። ከዚያ ሲነሣ ማሸጊያው በአንዱ ፊት ላይ ተጣብቆ፣ የሌላውን ፊት ቅርጽ ይዞ ጓርኒሲዮን ሆኖ ይገኛል። መደገፊያዎቹ ወጥተው ብሎኖቹ ሲጠብቁ ይጨመቃል፤ ብሎኖቹ ሲፈቱ ይለቃል። በዚህ ዘዴ ሠሪው አጥብቆ የሚይዘውን ሙጫ በግማሽ ፊቱ ብቻ እንዲይዝ አድርጎታል ማለት ነው።

በመጨረሻም ከየትኛውም ማሸጊያ በፊት የውሃው መውጫ መታሰብ አለበት። ፍጹም የሆነ ማሸጊያ ስለሌለ የገባው ውሃ ከታች የሚንጠባጠብበት ቀዳዳ ያስፈልጋል፤ ብረቱና አልሙኒየሙም ከመገጣጠማቸው በፊት ለየብቻቸው መቀባት አለባቸው። በተሳፋሪውና በሞተሩ መካከል ያለው ግድግዳ ብቻ ቀዳዳ አይተውለትም፤ እዚያ የሚያልፈው ጋዝ ነውና።

መኪና ለብዙ ዓመታት በሚያገለግልበትና በተደጋጋሚ በሚጠገንበት እንደ ሀገራችን ባለ ቦታ ይህ ትምህርት በቤት መኪና ለሚሠሩት ብቻ የሚሆን አይደለም። የውሃ ፓምፕ፣ የእህል ወፍጮ፣ የኤሌክትሪክ ማደያ ሣጥን፣ ሁሉም የሚከፈት ክዳን አላቸው። ዛሬ ክዳኑን የሚዘጋው ባለሙያ ነገ የሚከፍተውን ባልደረባውን ማሰብ ይገባዋል። አረቄ አውጪዋ ምርጊቷን ስታበጅ የነገውን ሥራ አስባ ነው፤ ምርጊቱ የሚመሰገነው በዘጋበት ሰዓት ብቻ ሳይሆን ማሰሮውን ሳይሰብር በተነሣበትም ሰዓት ነው።